እምዬ፣ ብቻዬን አላለቀስኩትም

ነታንያ፣ እስራኤል

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እህቶቼና ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «አባትህን በሰው አገር ብቻህን እንዴት አለቀስከው?» ስትዪኝ እንባ ተናንቆኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። አሁን ልጻፍልሽ፤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ብቻዬን አላለቀስኩትም እምዬ። በኛ በአይሁድ ሥርዓት ወላጅ የሞተበት ልጅ 11 ወር ያህል በየቀኑ ቃዲሽ ይላል። ቃዲሽ የሐዘንተኛ ጸሎት ይባል እንጂ ስለ ሞት አንድም ነገር አያነሳም፤ ከዳር እስከ ዳር የእግዚአብሔርን ስም ማክበር ነው። ልጅ ልቡ እያረረ ቆሞ ያመሰግናል፣ የቀሩት «አሜን» ይሉለታል። ታዲያ 10 ወንድ ካልሞላ አይባልም። በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት ከኔ ሌላ 9 ሰው መገኘት ነበረበት።

እነማን መሰሉሽ? ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌዎች፣ አንድ የመናዊ፣ አንድ የጆርጂያ ዳቦ ጋጋሪ፣ ከኛም ሰዎች ሁለት ሦስት። ሰውን አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር ስለማይወደድ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሕዝብህን አድን፣ ርስትህንም ባርክ» የሚለውን የመዝሙር ጥቅስ ይላል። በዕብራይስጥ 10 ቃል ነው፤ በየሰዉ ላይ አንድ አንድ ቃል ያሳርፋል። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያወርደው የመጨረሻው ቃል የሚያርፍበት ሰው ጠፋ። ሽማግሌው ጃንጥላውን አንስቶ ወጣና መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ክንዱን ይዞ አስገባ። «ቃዲሽ የሚል ልጅ አለ» ከማለት በቀር ምንም አላለውም። ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ እስከ መጨረሻው ቆመ። አባቴን አያውቅ፣ ጎንደርን አያውቅ፤ «አሜን» ሲል ግን ድምፁ ከሁሉም በልጦ ይሰማ ነበር። እናንተን እድሩ እንዳቆማችሁ፣ እኔንም ያቆመኝ ያ ጸሎት ቤት ነው።

ጸሎቱ ራሱ ምስጋና ነው። ገና አልጋ ላይ ሳለሁ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ነፍሴን ስለመለሰልኝ «ሞዴ አኒ» ብዬ አመሰግናለሁ። ከዚያ ዓይን ስለ ማየቱ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ መራመድ፤ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እንኳ ሰውነት በሥርዓቱ ስለ መሥራቱ ይባረካል። የጥንቱ መምህር ረቢ ሜኢር በታልሙድ፣ በአባቶች የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ሰው በቀን 100 ቡራኬ እንዲያደርስ ተናግሯል፤ የቀኑን ሦስት ጸሎትና ምግቡን ያላጓደለ ሰው እዚያው ይደርሳል።

ከሁሉ ልቤን የነካኝን ልንገርሽ። ሐዛኑ፣ ማለት ጸሎቱን የሚመራው ሰው፣ ጸሎቱን ጮክ ብሎ ሲደግም ስለ ጤናም፣ ስለ እንጀራም እሱ ይለምንልናል፣ እኛ አሜን እንላለን። ምስጋናው ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ጎንበስ ብለን እያንዳንዳችን በየራሳችን አፍ እናመሰግናለን። ለልመና አማላጅ ይላካል፣ ለምስጋና ግን መልእክተኛ አይላክም ብለው አባቶች አስተምረዋል። እኔ እዚያ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር አባቴ ኢየሩሳሌምን ሳያይ መቅረቱ፣ እናንተም እስከ ዛሬ አለመምጣታችሁ ይቆረቁረኛል። ሁለቱንም ይዤ ነው ጎንበስ የምለው።

የሙት ዓመቱን ሳወጣ ቴምር፣ ብርቱካን፣ አክስቴ የቆላችውን የገብስ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። እዚህ በዚያ ቀን ሰው በየምግቡ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይባርካል፣ ሌላው አሜን ይላል፤ ለሟች ነፍስ መታሰቢያ ይሁን ተብሎ። ቆሎው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ምን ተብሎ ይባረክ? ሐዛኑ ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ። ገብሱ ሳይፈጭ እንዲሁ እንደተቆላ ስነግረው «እንግዲያማ የምድር ፍሬ ነው» አለና እፍኝ ዘግኖ ባረከ። የሞሮኮዎቹ ሽማግሌዎች የአባቴን ስም እየጠሩ ቆሎ ሲቆረጥሙ ብታይ ደስ ይልሽ ነበር፤ አንዱማ ለሚስቱ በመሐረብ ቋጥሮ ወሰደ።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ ዓመት 13 ይሞላዋል። ከዚያ ወዲህ ከ10ሩ አንዱ ሆኖ ይቆጠራልና፣ ጠዋት ወደ ጸሎት ሲሄድ በየመንገዱ ያሉትን ሐዘንተኞች እየጠራ ይሂድ። በጸሎት ጊዜ በክንድና በራስ ላይ የሚታሰረውን የቆዳ ሳጥን፣ ተፊሊን፣ ልገዛለት ነው፤ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። አንድ ነገር ግን አጣሪልኝ፤ ልጅ ሳለ ግራኝ ነበር። ግራኝ ተፊሊን የሚያስረው በቀኝ ክንዱ ነው፣ ቋጠሮውም ይለያል። አሁን በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ ሰውየው ሳይነሳ ንገሪኝ።

ልጅሽ