የተኩስ ጌም ሲታደስ ኬብሉ አይረሳ

ለአዘጋጁ፦

የድሮ የተኩስ ጌሞችን እንደ አዲስ ስለመሥራት ያወጣችሁት ጽሑፍ በምስል ጥራት ላይ ብቻ አተኩሯል። የድሬዳዋ ጌም ቤቶች ስጋት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለ የተኩስ ጌም ያለ ኢንተርኔት፣ በስዊች (ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ በሚያገናኝ መሣሪያ) እና በኬብል እስከ 16 ተጫዋች ያጋጥማል። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ግን በጌሙ ኩባንያ ሰርቨር (ተጫዋቾችን በሚያገናኝ ኮምፒውተር) በኩል ካልሆነ አያገናኙም፤ መስመር ሲቋረጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች እንኳ መጋጠም አይችሉም።

ተስፋ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታደሰው ዱም የቀድሞውን ፍጥነት መልሷል፤ ተደብቆ ቁስል ማስታመም የለም፣ ጠላትን ቀርቦ የጣለ ጤና ያገኛል። ሆኖም ከ50 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል። ምስሉን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ የግራፊክስ ካርዱም፣ በሰፈራችን በከዚራ ቀትር ሲግል ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ምስሉ ይንቀረፈፋል (ጌሙ ይታማል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አቧራ የደፈነው ፋን ነው)።

ስለዚህ ጌም ስትገመግሙ የፋይሉን መጠንና በኬብል ብቻ መጋጠም መቻሉን በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉልን። ጌም ቤቶችም ኩዌክን ገዝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ከሆነው የጌሙ ኮድ ከተሠሩት ነፃ ሞተሮች (ጌሙን የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች) አንዱን ይጫኑ፤ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርገው በፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን በሚያግደው ፕሮግራም) ላይ ኩዌክ የሚገናኝበትን በር፣ የዩዲፒ 26000 ፖርትን፣ ይክፈቱ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ