ያ የእርሳስ ጥያቄህ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ዛሬ እጽፋለሁ ነገ እጽፋለሁ ስል ዓመታት አለፉ። ይቅር በለኝ፤ በጣም ናፍቀኸኛል።

ትዝ ይልሃል? ተማሪ ሳለን፣ «ካርቦን ብረት ካልሆነ የእርሳስ ውስጡ ለምን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል?» ብለህ ነበር። ክፍሉ ዝም አለ። አሁን እኔ ራሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እዚያ ርዕስ ላይ በደረስኩ ቁጥር ድምፅህ ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። እርሳስ እንለዋለን እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት ውስጡ የለም፤ ግራፋይት ነው። በግራፋይት ውስጥ አንድ የካርቦን አቶም ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል። ለመያያዣ ካሉት አራት ኤሌክትሮኖች ሦስቱ በዚህ ይያዛሉ፤ አራተኛው አቶሞቹ በሠሩት ንጣፍ ላይ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፈው እሱ ነው። በአልማዝ ውስጥ ግን አራቱም ታስረዋል፣ ስለዚህ አያስተላልፍም። ያው ካርቦን ነው እኮ! የሚለየው አያያዙ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለተማሪዎቼ ድኝ አቀለጥኩላቸው። ቢጫው ዱቄት 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ማሞቄን ቀጠልኩ። 160 ሲያልፍ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ወፈረ፤ ቱቦውን ባዘነብለው አልወርድ አለ! ሌላው ነገር ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ይሄ ወፈረ። ስምንት ስምንት ሆነው ቀለበት የሠሩት አቶሞች ተበጥሰው ረጅም ሰንሰለት ስለሚሆኑና እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ነው። ይበልጥ አሙቄ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳፈሰው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ሆነ። ከቀናት በኋላ ተመልሶ ቢጫና ተሰባሪ ሆኗል።

ልቤን የወሰደው ግን ሲሊከን ነው። ከሜታሎይዶቹ፣ ማለትም በብረትና ብረት ባልሆኑት መካከል ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ እነ ቦሮን፣ ጀርማኒየም፣ አርሴኒክ፣ አንቲሞኒ፣ ቴሉሪየም ያሉበት ወገን። አንድ ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ አዟዟርኩ። «ብረት ነው ወይስ አይደለም?» ስል ሁሉም «ብረት!» አሉ። እውነትም ግራጫ ነው፣ ያብረቀርቃል። በመዶሻ መታሁት። ብረት ቢሆን ይሳሳ ነበር፤ እሱ እንደ ብርጭቆ ብትንትን አለ።

ጠባዩም ለየት ይላል። የመዳብ ሽቦን ብታሞቀው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የሚንቀጠቀጡት አቶሞች ነፃዎቹን ኤሌክትሮኖች ያደናቅፏቸዋል። ንጹሕ ሲሊከን ሲሞቅ ግን ይጨምራል። ኤሌክትሮኖቹ በትስስሩ ውስጥ ተይዘዋል፤ ሙቀቱ ነው የሚፈታቸው። ከሚሊዮን የሲሊከን አቶም መሃል አንዱን በፎስፈረስ ብትተካው እንኳ አስተላላፊነቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። የስልካችን ቺፕ የሚሠራው በዚህ ነው።

የጀርማኒየም ታሪክማ ሁሌም ይደንቀኛል። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1871 ማንም ሳያየው በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ ላይ ቦታ ያዘለት፤ የአቶም ክብደቱ 72 ገደማ ይሆናል አለ። ጀርመናዊው ኬሚስት ዊንክለር በ1886 አገኘው፤ 72.6 ገደማ ነው።

ከተሰበረችው ሲሊከን አንዷን ስባሪ በወረቀት ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጠርዟ ስለታም ነው፣ ስትከፍተው ጣትህን እንዳትቆርጥህ። ብርሃን ላይ አገላብጠህ እያት፤ ሌላ ጥያቄ ከመጣብህም ጻፍልኝ። አሁን ዝም አልልም።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የድሮው የዴስክ ጓደኛህ