መብራት ሲጠፋ የሚሞት ዕቃ አትረከቡ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በድሬዳዋና በሐረር ላሉ የግዥ ኮሚቴ አባላት ነው። ሆቴሎችና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ባለው ሮቷቸው ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን በዋይፋይ የሚያሳውቅ መሣሪያ እያሰሩ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰው ደግ ነገር ነው፤ እኔም ከዚራ ባለችው ጠባብ የጥገና ቤቴ እንጀራዬን የማገኘው ከእንዲህ ያሉ ዕቃዎች ነው። የሚያናድደኝ ግን ገዢዎቻችን ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና ዘመን ሲከራከሩ ውለው ስለ ቡትሎደሩ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ነው።

ቡትሎደር ማለት ማይክሮኮንትሮለሩ (ዕቃውን የሚያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ኃይል ሲያገኝ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራ፣ ከዚያም ዋናውን ፕሮግራም ማለትም ፈርምዌሩን የሚያስነሣ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንድ ደንበኛዬ መሣሪያዎቹን የገዛበት አቅራቢ አዲስ ፈርምዌር በገመድ አልባ ላከለት። በመካከል መብራት ሄደ። ዕቃው አሮጌውን ደምስሶ አዲሱን በዚያው ቦታ የሚጽፍ ኖሮ አሮጌውም ጠፋ፣ አዲሱም ሳይሞላ ቀረ። የአቅራቢው መልስ «ሌላ ግዙ» የሚል ነበር። እንዲያውም ጨዋ መልስ ነው፤ ስልክ የማያነሱም አሉ።

መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት የቺፑ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱ በባዶው ክፍል ይጻፋል፣ ተሟልቶ መግባቱ ይረጋገጣል፣ ተነሥቶ በትክክል ካልሠራ ቡትሎደሩ ወደ ነባሩ ይመለሳል። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ያወጣው ኢኤስፒ32 ቺፕ ይህን አሠራር ይችላል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ቡትሎደር ፋብሪካ ውስጥ በቺፑ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ በተበላሸ ፈርምዌር አይጠፋም። ፈርምዌሩ ቢበላሽ ዜሮ ቁጥር ፒኑን (የቺፑን እግር) ከግራውንድ፣ ማለትም ከኔጋቲቩ መስመር፣ አገናኝቶ ኃይል መስጠት፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን ከቺፑ ጋር በሚያገናኝ፣ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል በሚቀይር ቦርድ የፈርምዌሩን ፋይል መጫን ነው። ቦርዱ በ3.3 ቮልት ይሁን፤ 5 ቮልት ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ነገር ግን አቅራቢው ሰርኪዩቱን በሙጫ ሞልቶት ከመጣ ፒኑን በምን ልድረስበት? ፋይሉንስ ካልሰጠን ምን ልጫን?

«ክፍት ከሆነ ሌባ ይገባበታል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ዲጂታል ፊርማው (ከትክክለኛው ሠሪ መምጣቱን የሚያሳየው ምልክት) ያልተረጋገጠ ፈርምዌር የሚቀበል ዕቃ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ላወቀ ሁሉ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የፊርማ ማረጋገጫው ይኑር፤ ለመፈረም የሚያገለግለው የምስጢር ቁልፍና የፈርምዌሩ ፋይል ግን በርክክብ ሰነዱ ውስጥ ለባለቤቱ ይሰጡ። ገንዘቡን የከፈለው እርሱ ነውና።

በርክክቡም ዕለት፣ ከመፈረማችሁ በፊት፣ አቅራቢው ፊታችሁ ማሻሻያ እንዲጭን ጠይቁት። ግማሽ ሲደርስ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩት። ዕቃው ካልተነሣ ይዞት ይሂድ።

ከኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ