በግምት የማይገኝ ቁልፍ፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ክበቡ ልጆቹን ክሪፕቶ እያስተማረ ነው» የሚል ቅሬታ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቶ ነበር። ያስተማርነው ግን እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ መነገድን ሳይሆን ሒሳብ ነው። በቴሌግራም «የቢትኮይን ቁልፍ ፈላጊ» እየተባለ የሚሸጠው ፕሮግራም የተማሪዎቻችን ስልክ ድረስ ስለገባ፣ የሰው ቁልፍ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘቡን የሚያዝበት ምስጢራዊ ቁጥር፣ በግምት ይገኝ እንደሆነ ራሳቸው እንዲያረጋግጡ አደረግን።

ምዝገባውና የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መግቢያው በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አልቋል።

አንዱ ተማሪ ሳንቲም እየወረወረ፣ ዘውድ 1 ጎፈር 0 እያለ፣ ባለ 20 ቢት (ሃያ የ0 ወይም የ1 አሃዞች ያሉት) ቁልፍ ያወጣል፤ ሌላው የቁልፉን የሻ-256 አሻራ (ወደ ኋላ የማይፈታ የስሌት ውጤት) ብቻ ተቀብሎ ቁልፉን በኮምፒውተር ይፈልጋል። ኮምፒውተራችን በሰከንድ 500,000 ያህል ይሞክራል። ባለ 20 ቢቱ 1,048,576 አማራጭ ብቻ ስላለው በሰከንዶች ተገኘ። 32 ቢትን ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ 40 ቢትን 25 ቀን ይፈጃል። የቢትኮይን ቁልፍ 256 ቢት ነው፤ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል። የ32 ቢቱ ሙከራ መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ ይጀምር ነበር፤ የደረሰበትን በየደቂቃው ፋይል ላይ እንዲጽፍ ካደረግን በኋላ አለቀ።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በተራ ሳይሆን በዘፈቀደ እያስገመተ፣ ግምቱ 1,048,576 አልፎም ቁልፉ ስላልተገኘ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል አለ። አልተበላሸም። የዘፈቀደ ግምት የሞከረውን ስለማያስታውስ ይደግማል፤ የአማራጩን ያህል ቢገምትም የማግኘት ዕድሉ 63 በመቶ ገደማ ነው።

አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወጣን። እዚያ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «ሌባ እኮ የአንድን ሰው ቁልፍ አይመርጥም፤ ገንዘብ ያለበት ማንኛውም ይበቃዋል» ብላ ጥያቄውን አጠነከረችው። የተለመደው የቢትኮይን አድራሻ (ከቁልፉ የሚሰላው የገንዘብ መቀበያ ቁጥር) 160 ቢት ስለሆነ የአማራጮቹን ብዛት፣ ባለ 49 አሃዙን ቁጥር ጻፈች። ገንዘብ ያለባቸው 100 ሚሊዮን አድራሻዎች ቢኖሩ ብላ አካፈለች፤ ቢሊዮን ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው በሰከንድ ቢሊዮን ቢሞክሩ ብላ ደግማ አካፈለች። 460 ትሪሊዮን ዓመት ያህል ወጣ። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ነው። ወረቀቷን ሁለቴ ፈትሻ «ታዲያ ሰዎቹ የሚሸጡት ምንድን ነው?» ስትል፣ የክበቡ ዓመት በዚያች ጥያቄ እንደተሳካ ተሰማኝ።

መልሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፈናል፦ ወይ «ተገኘ» ለሚሉት ገንዘብ «ማስለቀቂያ» ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ወይ ፕሮግራሙ የገዢውን የራሱን ዋሌት (ቁልፎቹን የሚይዝ ፕሮግራም) ይዘርፋል።

በግምት የተሰበሩ ቁልፎች አሉ፤ አወጣጣቸው ደካማ የነበረ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው የሊብቢትኮይን (የቢትኮይን ሶፍትዌር) ጉድለት ቁልፎቹ ከ32 ቢት ዘር (መነሻ ቁጥር) ብቻ ይመነጩ ነበር፤ ልጆቻችን በአሮጌ ኮምፒውተር የጨረሱት ብዛት ማለት ነው። ለዚህ ነው አባሎቻችን ለቁልፍ፣ ውጤቱ ሊተነበይ የሚችለውን የፓይተንን «ራንደም» ትተው ለምስጢር የተሠራውን «ሴክሬትስ»ን የሚጠቀሙት።

ለእግር ኳስ ክበቡ ማልያ መገዛቱ ደስ ብሎናል። የእኛ የዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) እና የሜሞሪ ጥያቄ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ምላሽ እየጠበቀ ነው፤ መርዳት የሚችል ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ ሐሙስ ከክፍል በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያገኘናል።