ቻፕሊኗን አትመልሷት

ልጄ፣

ትናንት ስለ አማትሽ ስታወሪኝ አንድ ነገር ከነከነኝ። የሆስፒሱ፣ ያው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕመምተኞችን የሚንከባከበው ተቋም፣ ቻፕሊን፣ ማለትም የመንፈስ እንክብካቤ የምታደርገው ባለሙያ፣ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ባልሽ "እናቴ ገና አልሞተችም" ብሎ ከበር መለሳት አልሽኝ። አልፈርድበትም፣ የእናት ነገር ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይሄን ከስንቱ ልጅ ሰምቻለሁ። ግን ሴትየዋ ለምን እንደምትመጣ በደንብ የገባችሁ አልመሰለኝም።

ልትሰብክ አትመጣም። ሃይማኖት ልታስቀይርማ በፍጹም፤ የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድላትም። ሥራዋ መስማት ነው። አማትሽ ስለ እግዚአብሔር ማውራት ካሰኛቸው ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ልጅነታቸው ካሰኛቸው ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ። ዝም ካሉም አብራቸው ዝም ትላለች። የራሳቸው የሃይማኖት አባት እንዲመጡላቸው ከፈለጉ ደውላ ታገናኛቸዋለች። እምነት የለኝም የሚል ሰው ሳይቀር ከቻፕሊን ጋር ረጅም ሰዓት ሲያወራ አይቻለሁ።

"ይሄ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው?" ትይኝ ይሆናል። የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች የምትባለው ሲስሊ ሳውንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በኋላም ሐኪም ሆናለች። ሦስቱንም ስለሠራችው ሕመምተኛውን ከሁሉም በኩል አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ስትከፍት ይዛው የመጣችው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሕመሙ የሥጋ ብቻ አይደለም። የአእምሮ፣ የኑሮና የመንፈስ ሕመምም አለበት፤ አንዱም ሌላውን ያባብሰዋል።

እኔ ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ የገባ አንዲት እናት ነበሩ። ቀን ቀን ደህና ናቸው። ሌሊት ግን ደወሉን ደጋግመው ይጫናሉ፣ "አመመኝ" ይላሉ። ሞርፊኑ ተጨመረ፣ ለውጥ የለም። ልጆቻቸው በየቀኑ አልጋቸውን ከበው "የአንቺ እምነት እኮ ተራራ ያንቀሳቅሳል" ይሏቸዋል። አንድ ማታ ቻፕሊኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠና "ሌሊት ሌሊት ምን ያስባሉ?" አላቸው። ቶሎ አልመለሱም። በኋላ "መጸለይ አቃተኝ" አሉት። "አፌ ይላል፣ ልቤ የለም። ልጆቼ እንዳይሰሙብኝ።"

ጥቅስ አልጠቀሰላቸውም። "ልጸልይልዎ ወይስ ዝም ብለን እንቀመጥ?" ብቻ ነው ያላቸው። ዝም ብለው ተቀመጡ። የአጥንቱ ሕመም አልጠፋም፣ መድኃኒቱም አልቆመም። የሌሊቱ ደወል ግን ቀነሰ።

አየሽ፣ የታመመ ሰው ልጆቹን ይጠብቃል። እንዳያዝኑበት ብሎ ይደብቃቸዋል። ባልሽ አጠገባቸው ውሎ ቢያድርም፣ የሚወዱት ልጃቸው ስለሆነ ብቻ የማይነግሩት ነገር ይኖራል። ለዚያ ነው የባዳ ጆሮ የሚያስፈልጋቸው።

ደግሞ ሁሉም ቻፕሊን ጎበዝ ነው አልልሽም። ስብከት ከጀመረች አመስግናችሁ አሰናብቷትና ሌላ ይላክልን በሉ። መብታችሁ ነው።

ባልሽን ግን አትከራከሪው። የሚወስኑት እሳቸው ስለሆኑ እሳቸውን ጠይቂያቸው። ማን እንደሆነች ሳትደብቂ፣ "እኛ በሌለንበት ደስ ያለዎትን የሚያጫውትዎ ሰው ትምጣ?" በያቸው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እሺ ካሉ ስትመጣ ክፍሉን ልቀቁላቸው። ስትወጣም "ምን አሉሽ?" ብላችሁ አታፋጥጧት፣ የነገሯትን አታወጣም።

አንድ ቀን "ለምን እኔ?" ካሉሽ ደግሞ መልስ አትፈልጊ። "አይዞዎት፣ ይድናሉ"ም አትበያቸው። እጃቸውን ያዢና ማውራታቸውን ይቀጥሉ።

ሌላው፣ ቻፕሊን ለቤተሰብም ነው። ባልሽ ያን ቃል የተናገረው ፈርቶ እንጂ ጠልቷት አይደለም፤ እሷም ይሄን ታውቃለች፣ አትቀየመውም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ፣ በሜዲኬር፣ በመንግሥት የጤና መድን ማለት ነው፣ ደንብ ሆስፒሶች ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ቤተሰቡን በሐዘኑ ማገዝ አለባቸው። እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ ነርሷን ጠይቂያት።

እሱ ከአንቺ ጋር ማውራት ከከበደው ይደውልልኝ። አመሻሽ ላይ ቤት ነኝ፣ ቢያመሽም ግድ የለም።

እናትሽ