ማይክሮ አርኤንኤ ከመለካቱ በፊት ለደሙ እንጠንቀቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በማይክሮ አርኤንኤ ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ2024 የሕክምና ኖቤል ከተሸለሙ ወዲህ፣ ካንሰሩንም የልብ ሕመሙንም ከጥቂት ደም ቀድሞ ስለሚያውቅ ምርመራ ብዙ ይወራል። ተስፋው ከንቱ አይደለም። ውጤቱ የሚታመነው ወይም የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አርኤንኤውን አባዝቶ በሚለካው ፒሲአር ማሽን ላይ ሳይሆን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። ስለ እነዚያ ሰዓታት ሲጻፍ እምብዛም ስለማይታይ ይህን ልከናል።

ማይክሮ አርኤንኤ የጂኖችን ሥራ የምትቆጣጠር፣ 22 ያህል ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ «ፊደል») ያላት አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ናት። ሴል ሲጎዳ ወደ ደም ትወጣለች። ብቻዋን ብትሆን የደም ኢንዛይሞች ወዲያው ይቆራርጧት ነበር፤ አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን ስለሚይዛት ወይም በጥቃቅን የሴል ከረጢቶች ስለምትሸፈን ግን ትቆያለች።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በጉበት ላይ ነው። ሚር-122 («ሚር» የማይክሮ አርኤንኤ አጭር መጠሪያ ነው) በጉበት ሴል ውስጥ ካሉት ማይክሮ አርኤንኤዎች 70 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ሌላ አካል ውስጥ እምብዛም የለም። በብሪታንያ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ወስደው ሆስፒታል በገቡ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሲገቡ ኤኤልቲያቸው (የጉበት ጉዳት የሚለካበት የደም ኢንዛይም) ጤናማ ሆኖ ኋላ ጉበታቸው በተጎዳው ላይ ሚር-122 አስቀድሞ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉትን አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ለሚወስዱ የአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ይህ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው። በመኪና አደጋ ጡንቻው የተደቆሰ ሰውም ኤኤልቲው ከጡንቻ ጭምር ስለሚፈስ ይጨምራል፤ ሚር-122 ግን ከጡንቻ አይመጣም። ሚር-499 እና ሚር-133ኤ በአንጻሩ ከልብም ከእጅና ከእግር ጡንቻም ይወጣሉ፤ ጭኑ በተሰበረ ሰው ላይ ከፍ ቢሉ ልቡ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ለልብ ጉዳት ትሮፖኒን የተባለው የደም ፕሮቲን ምርመራ ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም።

ትልቁ ጠንቅ የቀይ ደም ሴል መፍረስ ነው። ቀይ ሴል በሚር-451ኤ እና በሚር-16 የተሞላ በመሆኑ፣ ጥቂቱ እንኳ ቱቦ ውስጥ ከፈረሰ የፕላዝማው (ሴሎቹ ተለይተው የሚቀረው የደም ፈሳሽ) ልኬት በብዙ እጥፍ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት የካንሰር ጠቋሚ ተብለው ከተዘገቡ 79 ማይክሮ አርኤንኤዎች 46ቱ በደም ሴሎች ውስጥ በብዛት የሚገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። በጣም ቀጭን መርፌ፣ ሲሪንጅን በኃይል መሳብ፣ የክንድ ማሰሪያን ከ1 ደቂቃ በላይ ማቆየት፣ አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋት፣ ደሙን በመርፌው አድርጎ ቱቦ ውስጥ በግፊት መጨመር፣ ቱቦውን መነቅነቅ፣ ያልተለየ ደም በቀጥታ በረዶ ላይ ማስቀመጥ፦ ሁሉም ሴል ያፈርሳሉ። ዓይን የሚያየው ፕላዝማው ከቀላ በኋላ ስለሆነ አይበቃም። ፕላዝማው የሚውጠው ብርሃን በ414 ናኖሜትር ሲለካ ከ0.2 በላይ ከሆነ ናሙናው ያጠራጥራል፤ የታማሚው ደም ቅባት ከበዛበት ግን ይህም ንባብ ያሳስታል። የተሻለው በቀይ ሴል መፍረስ እምብዛም የማይለወጠውን የሚር-23ኤን የፒሲአር ዙር (ማሽኑ እስኪያገኘው የሚፈጀውን የዙር ብዛት) ወስዶ የሚር-451ኤን መቀነስ ነው፤ ልዩነቱ ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ7 በላይ ከሆነ ናሙናው አይሠራበትም።

ወባ ባለበት አካባቢ ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ሴሉ የሚፈርሰው በሰውየው አካል ውስጥ ስለሆነ ናሙና መጣል መፍትሔ አይሆንም። ማወዳደሪያ የሚሆኑት ሰዎች ውስጥ ወባ ያለባቸው፣ የሚጠናው በሽታ ግን የሌለባቸው ካልተካተቱ፣ ጥናቱ የሚያገኘው ወባን ራሱን ሊሆን ይችላል።

ቱቦው ወይን ጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ይሁን። ባለ አረንጓዴ ክዳኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ሌላው የደም መርጋት መከላከያ፣ ሄፓሪን፣ ፒሲአርን ያግዳል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሄፓሪን ከታጠበ የደም ሥር ቱቦ የተቀዳ ደምም እንዲሁ ነው፤ ሄፓሪንን በሚያፈርሰው ሄፓሪኔዝ ኢንዛይም ካልታከመ የታገደው ፒሲአር «ማይክሮ አርኤንኤው ቀነሰ» ተብሎ ይነበባል። ደሙ በ2 ሰዓት ውስጥ በ2,000 ጂ (የስበት 2,000 እጥፍ ኃይል) ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር፤ ከነጭ ሴሎቹ ሽፋን በላይ ጥቂት ፕላዝማ ተትቶ የቀረው ወደ አዲስ ቱቦ ይዛወርና እንደገና ይሽከርከር። ሁለተኛው ዙር ከቀረ ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች) ይቀራሉ፤ ሲቀዘቅዙም ፈርሰው ሚር-223 እና ሚር-126 ይለቃሉ። በመመሪያ ላይ «3,000 ዙር በደቂቃ» ብቻ ተጽፎ ማየት ያሳዝናል፤ ኃይሉ በሴንትሪፉጁ (አሽከርካሪው ማሽን) ሮተር ስፋት ስለሚለያይ ሁለት ሆስፒታሎች ያንኑ ቁጥር ተከትለው የተለያየ ፕላዝማ ያወጣሉ። ከዚያ በ200 ማይክሮ ሊትር ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የፍሪዘሩ የሙቀት መዝገብ ከናሙናው ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

የፕላዝማ አርኤንኤ በጣም አነስተኛ በመሆኑ ናኖድሮፕ በተባለው መለኪያ ላይ የሚነበበው ቁጥር አያስተማምንም፤ ከሁሉም ናሙና እኩል መጠን መውሰድ ይሻላል። ለማነጻጸሪያ የሚጨመረው፣ በሰው ደም የሌለው የትል ሚር-39 የደሙን ኢንዛይሞች ከሚያግደው የማሟሚያ ፈሳሽ በኋላ ይግባ፤ በቀጥታ ፕላዝማ ውስጥ ከገባ በእነዚያ ኢንዛይሞች ወዲያው ይበላል።

ጥንቃቄው ሲሟላ ውጤት ይገኛል። በጀርመን የተመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሚር-371ኤ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርን 90 በመቶ ያህል በሚሆኑት ታማሚዎች ላይ እንደለየ አሳይቷል፤ ቴራቶማ የተባለውን ዓይነት ግን አያገኘውም።

እንዲህ ያለ ምርመራ እሰጣለሁ የሚል ላቦራቶሪ ሲመጣ፣ ጋዜጠኞቻችሁ ደሙ በየትኛው ቱቦ እንደተቀዳ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተሽከረከረና የሚር-451ኤ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ እንዲጠይቁልን እንለምናለን።