የድሮ ልጆች ጨዋነት ከየት መጣ?

ለክቡር አዘጋጅ፣

«የድሮ ልጅ ታላቁን ያከብር ነበር፤ የዛሬው ዐይኑን በጨው አጥቦ ይመልሳል» የሚለው ክስ በየቤቱም በየጋዜጣውም ይነሳል። በንቀት የሚታለፍ ክስ አይደለም፣ እውነት አለበት። ችግሩ ብዙዎች እውነቱን የሚፈልጉት በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው። ስለዚህም «ዱላው ይመለስ» የሚለው መፍትሔ ልጆችን የባሰ ያበላሻል።

እሮሮው ከኛ ዘመን አልጀመረም። ወጣቶች ምቾት ወዳድ፣ ታላቅን የማያከብሩ ሆነዋል የሚለውና በሶቅራጥስ ስም የሚዞረው ጥቅስ የሶቅራጥስ አይደለም። የካምብሪጅ ተማሪ የነበረ አንድ ሰው የጥንት ግሪኮችን ወቀሳ ጠቅልሎ የጻፈው ሲሆን የታተመውም በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ወቀሳው ግን በእርግጥ ጥንታዊ ነው። የአቴንሱ የቲያትር ደራሲ አሪስጣፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ባቀረበው ኮሜዲ የድሮ ልጆች በታላላቆች ፊት ዝም ይሉ እንደነበር የሚያስታውስ ገጸ ባሕርይ አለ። ልጆች በየትውልዱ እየባሱ ቢመጡ ኖሮ እስከ ዛሬ ማን ይተርፍ ነበር?

ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ጆን ፕሮትዝኮና ጆናታን ስኩለር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ለሥልጣንና ለታላቅ መታዘዝን አጥብቀው የሚያምኑ ሰዎች «የዛሬ ልጅ አክብሮት የለውም» ማለት ያበዛሉ። ብዙ ያነበቡ ሰዎች ደግሞ «የዛሬ ልጅ ማንበብ አይወድም» ይላሉ። ሰው ዛሬ የበሰለበትን ነገር ወደ ኋላ ወስዶ በልጅነት እኩዮቹ ላይ ያለብሰዋል፤ ከዚያ የዛሬውን ልጅ ከዚያ ምስል ጋር ያወዳድረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናትም አለ። ጣፋጭ ፊታቸው ተቀምጦ «ብትታገሡ ተጨማሪ ታገኛላችሁ» የተባሉ ትንንሽ ልጆች፣ በ2000ዎቹ የተፈተኑት በ1960ዎቹ ከተፈተኑት በአማካይ 2 ደቂቃ ያህል ይበልጥ ታግሠዋል። ስለ ውጤቱ አስቀድመው የተጠየቁት አዋቂዎች አብዛኞቹ የገመቱት ተቃራኒውን ነበር።

ታዲያ በክሱ ውስጥ ያለው እውነት ምንድን ነው? የድሮው ልጅ በአዋቂ ፊት ጸጥ ይል ነበር፤ ይህ አይካድም። ጸጥታው ግን የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው፣ የፍርሃትና የልምምድ። ፍርሃቱ ጨዋነት አልነበረም። አርጩሜ የሚፈራ ልጅ የሚማረው ማን እያየው እንደሆነ መሰለልን ነው፤ የሚመታው ሰው ዘወር ሲል ታናሹን እሱ ይመታል። ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሪው ግሮጋን ኬይለር በ2016 እ.ኤ.አ. ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሸፈኑ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ መመታት ከጠበኝነትና ከእምቢተኝነት መብዛት ጋር እንጂ ከመልካም ጠባይ ጋር ተያይዞ አላገኙትም።

በእርግጥ የቀነሰው ልምምዱ ነው። ቀድሞ ልጅ በቀን ብዙ አዋቂ ያገኝ ነበር፤ ይላካል፣ መልእክት ያደርሳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ታናናሾቹን ይይዛል። ጨዋነት እንደ ዋና ነው፤ ውኃ ውስጥ ሳይገቡ አይለመድም። ዛሬ ልጁን ከአዋቂ ጋር የሚያነጋግሩት አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸው፤ በተገኙትም ላይ ስልክ ይሰጠዋል። ስለዚህ ልምምዱን ሆን ብሎ መስጠት የወላጅ ሥራ ሆኗል።

ሰላምታን እንውሰድ። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ሰላም በል እንጂ!» ብሎ መጎትጎት ልጁን ያሸማቅቀዋል፤ ቀጥሎ «ዐይን አፋር ነው» ሲባል ደግሞ ላለመናገር ፈቃድ ያገኛል። ልምምዱ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ እየተጫወቱ ይደረግ። አንዱ እንግዳ ይሁን፣ ሌላው በር ከፋች። ከሦስት ዓመት ልጅ ቀና ብሎ ማየትና አንድ ቃል ይበቃል። አምስት ዓመት ገደማ ስሙን ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ስምንት ሲደርስ መልሶ «እርስዎስ ደኅና ነዎት?» ይላል። በዕለቱ ቢያቅተው ወላጁ ራሱ ሰላም ብሎ ይለፈው፤ ማታ እንደገና ይለማመዱ።

ትእዛዝ ላይ ደግሞ አብዛኛው ጥፋት የአዋቂው ነው። ከሌላ ክፍል ይጮኻል፣ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ያዝዛል፣ ወይም «መጫወቻህን ታነሳለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄ ከሆነ «አላነሳም» ትክክለኛ መልስ ነው። ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ስሙን ጠርቶ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ መደረግ ያለበትን መናገር ይሻላል፤ «አትሩጥ» ከማለት «በቀስታ ሂድ»። ከዚያ አምስት ሴኮንድ ዝም። ይህ ዝምታ ለወላጅ ረጅም ነው፣ ትንሹ ልጅ ግን የሰማውን ወደ ሥራ የሚለውጥበት ጊዜ ነው። ከታዘዘ የሠራውን ለይቶ ማመስገን፦ «ወዲያው ስላነሳህ አመሰግናለሁ»። ካልታዘዘ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ፣ እምቢ ካለ ምን እንደሚከተል ተናግሮ፣ ያሉትን መፈጸም። አምስት ጊዜ እየደጋገመ በመጨረሻ የሚጮኽ ወላጅ፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ እንደማይቆጠሩ ለልጁ ያስተምረዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ለቅሶ ነው። ልጁ ይጠይቃል፣ ይከለከላል፣ አሥር ደቂቃ ያለቅሳል፣ ይሰጠዋል። የተማረው አሥር ደቂቃ ማልቀስን ነው። ወላጁ አንድ ቀን ቆርጦ «ከእንግዲህ አልሰጥም» ሲል ለቅሶው አይቀንስም፤ ለተወሰኑ ቀናት ይብሳል። የለመደው መንገድ ሲዘጋበት የበለጠ ይገፋልና። ብዙዎች የሚሸነፉት እዚያው ላይ ነው፣ ከዚያ የሚቀረው የበለጠ ረጅምና የበለጠ ብርቱ ለቅሶ ነው። አንዳንዴ መስጠት አንዳንዴ መከልከል ደግሞ ሁልጊዜ ከመስጠት ይልቅ ለቅሶውን ያጸናዋል። መጀመሪያ መስጠት የሚቻለውን ሳያስለቅሱ ወዲያው መስጠት፤ የማይሰጠውን ደግሞ እስከ መጨረሻው አለመስጠት።

ስለ ስክሪንና ስለ እንቅልፍ አጭር ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች እንቅልፍ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይሁን ይላል። ስልኩን በፕሮግራሙ መሐል መንጠቅ ጠብ መጥራት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ መዝጋት ይቀላል። ማታ ላይ የሚነጫነጭ ልጅ ብዙ ጊዜ ባለጌ ሳይሆን እንቅልፍ ያጣ ነው።

ልጅ እንዲያከብር የሚፈልግ ሰው ራሱ ልጁን «እባክህ» ይበለው፤ ሲያጠፋም ይቅርታ ይጠይቀው። በሰው ፊት የተሰደበ ልጅ የሚማረው ስድቡን ነው።

በመጨረሻ ለመምህራንም ለወላጆችም፦ ሲጠራ የማይመልስ፣ የተባለውን ግማሹን ብቻ የሚሠራ፣ ቴሌቪዥን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያይ ልጅ «አይሰማም» ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት ጆሮው ይመርመር። በጆሮ ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ በትንንሽ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ጉንፋን ሲይዘው ይብሳል፣ ሲሻለው ይለቀዋል፤ ስለዚህ ልጁ አንድ ቀን ይሰማል፣ በሌላው ቀን አይሰማም። አዋቂው ይህን እልኸኝነት ነው ብሎ ይደመድማል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት አስተዳደግ ላይ የሚሠሩ አንባቢያችሁ